እድፍን የሚሰባብሩ የባክቴሪያ ኤንዛይሞችና የኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቆች

ኤንዛይም በሕያዋን ሴሎች ውስጥ የሚመረትና ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። በብዙ የልብስ ማጠቢያ ዱቄቶችና ፈሳሾች ውስጥ ይጨመራል። የእነዚህ ኤንዛይሞች ዋነኛ ምንጭ ባሲለስ የተባለው የባክቴሪያ ወገን ነው።

እያንዳንዱ ኤንዛይም የተለየ ተግባር አለው። ፕሮቲኤዝ የደም፣ የላብ፣ የወተትና የእንቁላል እድፍን፣ አሚሌዝ እንደ ገንፎ ያሉ የስታርች ምግቦችን ቅሪት፣ ላይፔዝ ደግሞ የቅቤና የዘይት ቅባትን ይሰባብራሉ። ሴሉሌዝ ከጥጥ ልብስ ላይ የተነሡ ጥቃቅን ክሮችን ይቆርጣል። የተሰባበረው እድፍ በውኃ በቀላሉ ስለሚለቅ ልብስ መቀቀልና አብዝቶ ማሸት አያስፈልግም።

በሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም በማሽን የሚያጥብም ሆነ በወንዝ ዳር በእጁ የሚያጥብ ሰው ልብሱን ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ቢዘፈዝፍ ኤንዛይሙ የሚሠራበት ጊዜ ያገኛል። የፈላ ውኃና በረኪና ግን ኤንዛይሙን ከጥቅም ውጪ ያደርጉታል። ሱፍና ሐር ራሳቸው ፕሮቲን በመሆናቸው ፕሮቲኤዝ ሊጎዳቸው ይችላል። ዱቄቱ ሲቦን ወደ ውስጥ መሳብም አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል አምራቾች ኤንዛይሙን በእንክብል መልክ ይሸፍኑታል።

ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሮም እ.ኤ.አ. በ1913 ከእንስሳት ቆሽት የተገኘ ኤንዛይምን ለልብስ ማጠቢያነት በፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ። ይሁን እንጂ ያ ኤንዛይም የማጠቢያውን ከፍተኛ የአልካሊ መጠን በሚገባ አልተቋቋመም። ከባክቴሪያ የተገኘ ፕሮቲኤዝ ያለው ምርት በስዊዘርላንድ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

አልካሊን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሚገኙት በአቢጃታ፣ በሻላና በጪቱ ሐይቆች ይኖራሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ አማረ ገሠሠ ከስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጋር በመሆን ከሶዳ ሐይቅ የተለዩ ሁለት ባክቴሪያዎችን በዶሮ ላባ ላይ አሳድገው ፕሮቲኤዝ ማምረታቸውን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። ብዙ ፕሮቲኤዞች ጸንተው ለመቆየት ካልሲየም ይሻሉ፤ በማጠቢያ ውስጥ ያሉ ውኃ አለስላሽ ኬሚካሎች ግን ካልሲየሙን ይይዙባቸዋል። ከሁለቱ የአንዱ፣ ኤኤል-20 የተባለው ባክቴሪያ ኤንዛይም ግን ያለ ካልሲየም የሚጸና ሆኖ ተገኝቷል።

እንዲህ ያለው ሀብት የማን ነው የሚለው ጥያቄ በጎረቤት ኬንያ ከሶዳ ሐይቆች በተወሰዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ የጥቅም ክፍፍል ክርክር አስነሥቷል። በኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትን የሚጠቀም ወገን አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝና ጥቅሙን እንዲያካፍል አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይደነግጋል። ሕጉ የሐይቁን ሀብት ከባለቤት አልባነት ቢጠብቅም ሐይቁን ራሱን ግን ከመሸሽ አያድነውም። ገባር ወንዞቹ ለመስኖ በመጠለፋቸውና ሶዳ አሽ በመመረቱ የአቢጃታ ውኃ በእጅጉ ቀንሷል። ሐይቁ በሸሸ ቁጥር ገና ያልተጠኑ ረቂቅ ተሕዋስያን መኖሪያም አብሮ ይጠብባል።