በዛምቤዚ ወንዝ የታንኳ ሳፋሪ

የዛምቤዚ የታንኳ ሳፋሪ ከካሪባ ግድብ በታች፣ ዛምቤዚ ወንዝ የዚምባብዌና የዛምቢያ ወሰን ሆኖ በሚፈስበት ክፍል፣ ፈቃድ ባለው አስጎብኚ መሪነት ለብዙ ቀናት የሚደረግ የቀዘፋ ጉዞ ነው። ተጓዦች ቀን እየቀዘፉ የዱር እንስሳትን ያያሉ፤ ማታ በወንዙ ዳር ወይም በአሸዋ ደሴት ላይ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። «ሳፋሪ» የስዋሂሊ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ነው። በኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የተደረጉት ጉዞዎች በሚነፋ የጎማ ጀልባ ኃይለኛ ወራጅ ውሃ የሚሻገሩ ስለሆኑ ከዚህኛው የተለዩ ናቸው። እዚህ ውሃው ዝግ ያለ ነው፤ አደጋው ያለው በውስጡ ከሚኖሩት እንስሳት ነው።

መስመሩ

ዛምቤዚ 2,574 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከአባይ፣ ከኮንጎና ከኒጀር ቀጥሎ በአፍሪካ አራተኛው ረጅም ወንዝ ነው። ረጅሙ የታንኳ ጉዞ ከካሪባ ገደል ተነስቶ በቺሩንዱ ከተማና በማና ፑልስ በኩል አልፎ፣ የሙፓታን ገደል አቋርጦ ዚምባብዌ፣ ዛምቢያና ሞዛምቢክ በሚገናኙበት በካንየምባ ያበቃል። ብዙ ሰው ግን ከቺሩንዱ እስከ ማና ፑልስ ያለውን ብቻ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይቀዝፋል።

ማና ፑልስ የዚምባብዌ ብሔራዊ ፓርክ ነው። «ማና» በሾና ቋንቋ አራት ማለት ሲሆን፣ ስሙ ወንዙ መንገዱን ሲቀይር ትቷቸው የሄደውን አራት ትልልቅ ኩሬዎች ያመለክታል። ፓርኩ ከአጎራባቾቹ ከሳፒና ከቼዎሬ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከወንዙ ማዶ የዛምቢያ የታችኛው ዛምቤዚ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል።

በዳርቻው በብዛት የሚታየው ትልቅ ዛፍ በትግራይ ሞሞና የሚባለው የግራር ዘመድ ነው። ጠባዩ ከሌሎች ዛፎች የተገላቢጦሽ ነው፤ በዝናብ ወራት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል። ሣር በሚጠፋበት ጊዜ ፍሬው ስለሚረግፍ ዝሆኖች ወደ ወንዙ ይመጣሉ። አንዳንድ የማና ፑልስ ዝሆኖች በኋላ እግራቸው ቆመው ቅርንጫፍ በመሳብ ይታወቃሉ።

ታንኳውና ጉማሬው

ታንኳዎቹ ብዙውን ጊዜ ከፋይበር ግላስ የተሠሩና ሁለት ሰው የሚይዙ ናቸው። ምግቡ፣ ድንኳኑና የመጠጥ ውሃው መሃል ላይ ይጫናል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው አቅጣጫ ይመራል። ሁሉም አስጎብኚውን ተከትለው በአንድ መስመር ይሄዳሉ፤ ይህም ለሥርዓት ሲባል ብቻ አይደለም።

ጉማሬ ቀኑን በጥልቅ ውሃ ውስጥ ያሳልፋል፤ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል። ሲፈራ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ውሃ ስለሆነ፣ በጉማሬና በጥልቁ ውሃ መካከል መግባት ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ስለዚህ አስጎብኚው በሩቁ የታንኳውን ጎን በመቅዘፊያ እየመታ ድምፅ ያሰማል፤ ውሃ ውስጥ የነበሩት ጉማሬዎች ብቅ ሲሉ ይቆጥራቸዋል፤ ከዚያም ቡድኑን በጥልቀት የሌለው ውሃ፣ ዳር ዳሩን ይዞ ያሳልፋል። ጉማሬ ለአምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ መቆየት ስለሚችል መጠበቅ ግድ ነው። መንገዱ ካልተከፈተ ሌላ የወንዙ ቅርንጫፍ ይፈለጋል። የአሸዋ ክምሮች ቦታቸውን ስለሚቀያይሩ በስልክ ላይ ያለ ካርታ እዚህ ብዙም አይረዳም፤ ዋናው ነገር የአስጎብኚው ዓይን ነው።

አዞም ስላለ እጅን ውሃ ውስጥ ማንጠልጠል ክልክል ነው። በሸለቆው ወባና የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብ ይገኛሉ።

የጉዞው ወቅት ከሚያዝያ እስከ ኅዳር አካባቢ ነው። በጥቅምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ እንስሳት በወንዙ ዳር በብዛት የሚሰበሰቡትም ያን ጊዜ ነው። ንብ በል የሚባሉት ቀያይ ወፎች በዚሁ ወቅት በወንዙ ገደላማ ዳርቻ ጎጆ ይቆፍራሉ።

ግድብና አደን

የካሪባ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1959 ተጠናቀቀ። ከግድቡ በላይ የሚኖሩ 57,000 ያህል የቶንጋ ሕዝብ ተወላጆች ከመሬታቸው ተነሥተዋል። ከግድቡ በታች ደግሞ ሜዳውን በየጊዜው ያጥለቀልቅና ደለል ያመጣ የነበረው ጎርፍ ቀነሰ። አሁን የውሃው መጠን የሚወሰነው ከግድቡ በሚለቀቀው ልክ ስለሆነ፣ ሌሊት ታንኳዎች ከውሃው ርቀው ተጎትተው ይታሰራሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሙፓታ ገደል ሌላ ግድብ ለመሥራት ታቅዶ ነበር። ቢሠራ ኖሮ የማና ፑልስ ሜዳ በውሃ ይዋጥ ነበር፤ ከተቃውሞ በኋላ እቅዱ ቀርቷል።

አውራሪሶቹ ግን አልተረፉም። በ1980ዎቹ አጋማሽ አዳኞች ከዛምቢያ በኩል ወንዙን እየተሻገሩ የሸለቆውን ጥቁር አውራሪሶች ለቀንዳቸው ሲሉ ይገድሉ ነበር። የዚምባብዌ መንግሥት የታጠቁ ጠባቂዎችን ቢያሰማራም ግድያው ስላልቆመ፣ በሕይወት የቀሩት ተይዘው ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። ዛሬ በዚህ መስመር የሚቀዝፍ ተጓዥ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳና ተኩላ ያያል፤ አውራሪስ አያገኝም።