ባሕር በመስታወት ገንዳ



ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ባቱና ወደ ላንጋኖ የሚወርድ መንገደኛ ሐይቆችን ያያል እንጂ ባሕርን አያይም። ይሁን እንጂ የባሕርን ዓሣና ኮራል በቤቱ ሊያኖር የሚወድ ሰው ከእነዚህ ሐይቆች የሚማረው ትልቅ ትምህርት አለ፤ ይኸውም ከዓሣው አስቀድሞ ውሃውን ማወቅ ነው።

የቀይ ባሕር ፍጥረታት በሊቃውንት ዘንድ የታወቁት በብዙ ድካም ነው። ሄምፕሪኽና ኤረንበርግ የተባሉ ጀርመናውያን አብረው ሲሰበስቡ፣ ሄምፕሪኽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1825 በምጽዋ ታሞ ሞተ፤ ጓደኛው በ1834 ስለ ኮራሎቹ የጻፈውን አሳተመ። የፍራንክፈርቱ ሩፔልም በ1830 ባለሁለት ጥለቱን የቀይ ባሕር ክላውን ዓሣ ለሳይንስ አስመዘገበ፤ ቆይቶም በምጽዋ ገብቶ እስከ ጎንደር ዘልቆ የጣናን ዓሦች መረመረ። እነዚህ ሰዎች ወደ አገራቸው የወሰዱት የሞተውን ነበር። ኮራልን በሕይወት ወደ ሎንዶን ያደረሰችው በ1846 አና ቲን የምትባል እንግሊዛዊት ስትሆን፣ ውሃው አየር እንዲያገኝ ከዕቃ ወደ ዕቃ እያስገለበጠች ትጠብቀው ነበር። እንግዲህ የቤት ውስጥ ባሕር የተጀመረው በሀብት ሳይሆን በትጋት ነው።

ወደ ራሳችን ምድር እንመለስ። አዳማ ያለችበት ስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ይደርሳል። በደናክል ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ገብቶበት ስለ ነበር፣ የኮራል ድንጋይ ዛሬም በበረሃው ዳር ተገትሮ ይታያል። ባሕሩ ሲደርቅ የተረፈው ጨው ነው፤ አባቶቻችን በገበያ የተለዋወጡበት አሞሌም ከዚያው ምድር ተጠርቦ የወጣ ነው። ነገር ግን አሞሌን በውሃ ያሟሟ ሰው ባሕርን መለሰ ማለት አይደለም። በ1 ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ካለው 35 ግራም ያህል ጨው ጋር ካልሲየምና ማግኒዚየም ተመጥነው ይገኛሉ፤ ያለ ካልሲየም ድንጋያማው ኮራል አጽሙን መሥራት አይችልም።

የሻላ ሐይቅም እንዲሁ ያታልላል። ጥልቀቱ 266 ሜትር፣ ውሃውም ጨዋማ ነው፤ ዳሩ ግን ጨውነቱ በብዛት የሶዳ ስለ ሆነ የባሕር ዓሣ አይኖርበትም። በሻላ ደሴት ይራቡ የነበሩት ይብራዎች እንኳ ዓሣ የሚያድኑት ጎረቤቱ አቢጃታ ሄደው ነበር። ኋላ ግን ወደ አቢጃታ የሚገባው ውሃ ለመስኖ እየተወሰደ፣ ከሐይቁም ለሶዳ ማምረቻ እየተቀዳ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ የቀረው ውሃ መረረ፤ ቆሮሶውም ጠፋ፤ ወፎቹም ተበተኑ። በሰፊ ሐይቅ ብዙ ዓመት የፈጀው ይህ ጥፋት በትንሽ ገንዳ በጥቂት ቀን ይፈጸማል፤ ውሃው ሲተን ጨው አብሮት አይሄድምና። ስለዚህ የጎደለው የሚተካው በጨው ውሃ ሳይሆን በተጣራ ንጹሕ ውሃ ነው።

ምርጫውም ከዚህ ይከተላል። የቀይ ባሕሩ ክላውን ዓሣ እስከ 14 ሴንቲ ሜትር የሚያድግና ተጣይ ስለ ሆነ፣ ለትንሽ ገንዳ ከእርሱ ይልቅ በመጠኑ የሚያንሰው ብርቱካናማ ዘመዱ ይሻላል፤ ከእርሱም ጥንድ ይበቃል። ሶሃል የሚባለው ውብ ዓሣ 40 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ ለትንሽ ቤት አይሆንም። ከቢራቢሮ ዓሦች ብዙዎቹ ኮራል በል ናቸው። ከኮራልም ለጀማሪ የሚስማማው ለስላሳው ወገን ነው፤ ድንጋያማው ብርቱ ብርሃንና የማይለዋወጥ ውሃ ይሻል። ሁሉም በአንድ ቀን አይገባም፤ ቆሻሻን የሚያጠፉት ረቂቃን ሕዋሳት እስኪበረክቱ ሳምንታት መታገሥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ የሰለቸ ሰው የጣፋጭ ውሃ ዓሣውን ወስዶ ወደ ቆቃ ወይም ወደ ባቱ ሐይቅ አይልቀቅ። የወርቃማው ዓሣ የቅርብ ዘመድ በሰው እጅ ወደ ባቱ ሐይቅ ገብቶ በዚያው ቀርቷል፤ አንድ ጊዜ የተለቀቀውንም መልሶ የሚሰበስብ የለም። የገንዳ ጌታ በገንዳው ውስጥ ላሉት ብቻ ሳይሆን፣ ከደጁ ውጭ ላለው ውሃም ኃላፊ ነው።