ታሪክ በጆሮ ሲገባ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። አባባሉ የብራና ዘመን ልጅ ነው። ያኔ ከአፍ የወጣ ቃል ሰሚው ሲሞት አብሮት ይቀበራል፤ የተጻፈው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። አንዱ ከቤቱ ጓዳ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ የተረከው ታሪክ ባሕር ተሻግሮ፣ ዓመታት ቆይቶ፣ ታክሲ ውስጥ በተቀመጠ ወጣት ጆሮ ይንቆረቆራል። በቃል ያለውም እንዲህ መወረስ ከጀመረ፣ «ለመሆኑ የምንወርሰው እህሉን ነው እንክርዳዱን?» ብሎ መጠየቅ የአድማጭ ፋንታ ይሆናል።

ነገራችን ፖድካስት ስለሚባለው ነው። ፖድካስት በኢንተርኔት የሚለቀቅ የድምፅ ዝግጅት ሲሆን፣ አድማጩ በፈለገው ሰዓት ይከፍተዋል፣ ያቆመዋል፣ መልሶ ይሰማዋል። ስሙ አይፖድ ከተባለው የኪስ ማጫወቻና ብሮድካስት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ብቅ አለ። እንደ ሬዲዮ የጣቢያ ማማና የሰዓት ድልድል አይፈልግም። በሩ ሰፊ ነውና በዚያ በኩል ብዙ ነገር ገባ፤ ከገቡትም አንዱ ታሪክ ነው።

የሮማን ታሪክ እንውሰድ። ላርስ ብራውንወርዝ የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ መምህር እ.ኤ.አ. በ2005 የአሥራ ሁለት የቢዛንታይን ነገሥታትን ታሪክ በድምፅ ማሰማት ጀመረ። ይህን ሰምተው ልባቸው ከተነሣሣ ሰዎች አንዱ ማይክ ደንከን ነበር። ደንከን የዩኒቨርሲቲ ሊቅ አይደለም፤ የጥንት ጸሐፍትን ማንበብ የሚወድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሮማ አመሠራረት ጀምሮ መተረክ ያዘ፤ ከ170 በላይ ክፍሎችን ከተረከ በኋላ በ2012 ምዕራባዊው መንግሥት በወደቀበት እ.ኤ.አ. በ476 ላይ ደርሶ አበቃ። እሱ ሲያበቃ ሮቢን ፒርሰን የተባለ እንግሊዛዊ አድማጭ ደግሞ በዚያው ዓመት ክሩን ከተቋረጠበት አንሥቶ የምሥራቁን መንግሥት ታሪክ ቀጠለ። ልብ በሉ፤ አንዱ ሰምቶ ተራኪ ሆነ፤ እሱን የሰማው ደግሞ ተራኪ ሆነ። ይህ የድሮው የአፍ ታሪክ ሰንሰለት መልሶ መምጣቱ አይደለምን?

ሰው ለምን እንዲህ ወደደው ቢባል ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በጆሮ የሚገባ ታሪክ ሰው ሰው ይሸታል። የተራኪው ሳቅና ትንፋሽ ይሰማል፤ ነገሩ ከነሐረጉ ይመዘዛል። ባለሙያው ለባለሙያ የጻፈው ወፍራም መጽሐፍ ያስደነገጠው ሰው፣ ሳህን እያጠበ ስለ ሃኒባል ሰምቶ ሲያበቃ ያንኑ መጽሐፍ ፍለጋ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ጆሮ የግርጌ ማስታወሻ የለውም። የሮማ ታሪክ ሲጀመር ተኩላ ያጠባቻቸው መንትዮች ሮሙሉስና ሬሙስ ይመጣሉ። በልማድ ከተማዋ የተቆረቆረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ753 ነው ይባላል፤ ይህን ከጻፉልን አንዱ ሊቪ ግን የኖረው ከዚያ ሰባት መቶ ዓመታት ግድም በኋላ ነው። ጨዋ ተራኪ «ይህ አፈ ታሪክ ነው» ብሎ ያልፋል። ያላለ እንደሆነ ግን፣ ተኩላዋም በትክክል የተመዘገበው ጦርነትም በአንድ ድምፅና በአንድ ሚዛን ወደ ጆሮ ይገባሉ።

«እንግዲያው መጽሐፉን እንመን» የሚል ይኖራል። ለዚህ የካርቴጅን ጨው እናስታውስ። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ካርቴጅን ካጠፉ በኋላ ዳግመኛ እህል እንዳይበቅልባት መሬቷ ላይ ጨው ዘሩ ይባላል። ያልሰማው ሰው ጥቂት ነው። በከተማ ላይ ጨው መዝራት በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ውስጥ አለ፤ አቢሜሌክ በሴኬም ላይ አድርጎታል። በካርቴጅ ላይ መደረጉን የሚናገር ጥንታዊ ጸሐፊ ግን የለም። የከተማይቱን ጥፋት በዝርዝር የተረከው አፒያን እንኳ ስለ ጨው አያነሣም። ወሬው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1930 በካምብሪጅ በታተመ ታላቅ የጥንት ታሪክ ጥራዝ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ሊቅ ከሊቅ ተቀባበለው። በ1986 ሪድሊ የተባለ ምሁር ምንጩን ሲፈልግ ባዶ ሆነ። ጨዉን በመጽሐፉ ከደገሙት አንዱ የሆነው ዋርሚንግተንም በ1988 ስሕተቱን በይፋ አረመ።

እንግዲህ በመጽሐፍ ያለ ሁሉ ይወረሳል፤ ስሕተቱም አብሮ። የመጽሐፉ ጥቅም ሌላ ነው፤ ዱካ ይተዋል። ሪድሊ ወደ ኋላ እየሄደ ገጽ በገጽ ሊፈትሽ የቻለው ዱካ ስለነበረ ነው። ፖድካስት የሚታማውም በዚህ ነው። ተራኪው ምንጩን ካልተናገረ፣ ድምፁ ዘላለም ቢቆይም ዱካው ጠፍቷል።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው፣ ድምፅ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚቀር አይነገረውም። በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ሸገር ኤፍ ኤም ደግሞ በወይዘሮ መዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ አንደበታቸው እንዲያወጉ አደረገ። በመጽሐፍ ያልሰፈረ ስንት ነገር በዚያ ተነገረ! ባለታሪኩ ለራሱ ሕይወት ምስክር ነው፤ ቀንና ቁጥር ላይ ግን የማንም ትዝታ ይስታል። ምስክርነቱን የምናከብረው ከሰነድና ከሌላ ምስክር ጋር ስናስተያየው ነው።

ዛሬ በአማርኛ ታሪክ የሚተርክ ድምፅ በየስልኩ ሞልቷል። አንዱ የነገሥታትን ወግ፣ ሌላው የአብዮቱን ዘመን ያወራል። ድምፁ ሲያምር፣ ዜማ ከሥሩ ሲንቆረቆር፣ ወገናችንንም ሲያወድስ መጠየቅ ይከብዳል። የሚያስፈልገው ጥያቄ ግን ያኔውም አጭር ነው፤ «ከየት አገኘኸው?» ደህና ተራኪ ይህ ጥያቄ አያስቀይመውም፤ እንዲያውም ሳይጠየቅ ይመልሰዋል። የማይመልስ ካለ በጨዋታው እንደሰት፤ ለልጆቻችን ግን ታሪክ ነው ብለን አናውርሰው።