ዳጉ፦ ቆመው የሚቀባበሉት ማስጠንቀቂያ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አድርጎ ሰመራ የሚገባውን የጅቡቲ መስመር በከባድ መኪና ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። እኛ ሾፌሮች የራሳችን ማስጠንቀቂያ አለን። መኪና ሲበላሽ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረደራል፤ ከፊት የሚመጣው መብራት ብልጭ ካደረገ አንድ ነገር አለ። ግመል ይሁን ትራፊክ ፖሊስ፣ ደርሰህ ታየዋለህ።

አፋሮች በዚህ አይረኩም። ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ የቸኮለውም ይቆማል። እጅ ተሳስመው ዱላቸውን ይደገፉና፣ ጥላ ካለ ቁጭ ይሉና ዳጉ የሚሉት ወሬ መቀባበል ይጀመራል። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያወራል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ የቱ ጉድጓድ ደረቀ፣ ማን ሞተ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ምን ዓይነት እንግዳ ወዴት አለፈ። ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ባለወሬው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የሰማው ከሆነ ከማን እንደሆነ ይናገራል። ያልሆነውን ያወራ ይጠየቅበታል። ቢጠየቅስ ምን ይገርማል? ዝናብ በሌለበት ዝናብ አለ ብለህ የሰው ከብት ካንቀሳቀስክ፣ ከብቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

በደጋው ማስጠንቀቂያ ከላይ ነበር የሚወርደው። ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጅ ይነገራል፣ ሕዝቡ ይሰማል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣም ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ግርማ ሞገሱን አልክድም፤ ግን ነጋሪትን መልሶ «አንተ ራስህ አይተሃል?» የሚለው ማን ነው?

ከድሬዳዋ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ ሲያልፍባት አዋሽ የባቡር ከተማ ሆነች። አሳይታን ተክታ የአፋር ክልል መቀመጫ የሆነችው ሰመራማ የትናንት ልጅ ናት። ዳጉ ከሁለቱም ቀድሞ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሞባይል ገብቶበታል። ሎጊያ ሻይ ቤት ስልክ የያዘውን ወጣት ልብ ብለህ ብትሰማው፣ ሰላምታውን ሳያሳጥር መጀመሪያ ዝናቡን ነው የሚጠይቀው።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ወር አልፎ ወር ሲንቀጠቀጥ፣ ታኅሣሥ ላይ በዶፈን ተራራ በኩል እንፋሎት ከመሬት ሲወጣ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ። ያኔ እኔ ስልክ ላይ የደረሰኝ ቪዲዮ የሌላ አገር እሳተ ገሞራ ነበር። አጠገቤ የነበሩ አንድ አፋር ሽማግሌ አየት አድርገው «ማን ነው ያየው?» ሲሉ፣ የላከልኝ ልጅ መልስ አልነበረውም።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ የተባለው የአፋር እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሳተላይት አመዱን ቀይ ባሕርን አሻግሮ እስከ ሕንድ ተከተለው። የአፍዴራ ፍየል አርቢ የሚፈልገው ግን አመድ ያልለበሰ ሣር በየት በኩል እንደቀረ ነው፤ ይህን የሚነግረው ከዚያ የመጣ መንገደኛ ነው።