ልማዱን ትቶ የተሰደደ ዘይት

የኮኮናት ዘይት ለፀጉር ይበጃል ወይስ ይጎዳል? ጥያቄው በየፀጉር ቤቱ ይነሳል፤ መልሱም እንደ መላሿ ይለያያል። አንዷ አለሰለሰልኝ ስትል ሌላዋ አድርቆ ሰባበረብኝ ትላለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ፎረፎሬን አባሰብኝ ብላ ጠርሙሱን ለማድቤት ትለቅቃለች። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚቋጨው «እንደ ፀጉሩ ዓይነት ነው» በሚል አስታራቂ ቃል ነው። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ይመልሳል። ሌላውን ግማሽ የምናገኘው ከዘይቱ ታሪክ ነው። የኮኮናት ዘይት በለመደበት ጠረፍ ብቻውን የሚሠራ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም። የሚቀባበት ሰዓት፣ ተከትሎት የሚመጣ ማጠቢያ ቅጠል፣ ሳይረጋ የሚያቆየው ሞቃት አየር ነበረው። ንግድ ዘይቱን ከእነዚህ ነጥሎ፣ በጠርሙስ አሽጎ ወደማያውቀው አገር ሲልከው ውጤቱም አብሮ ተበታተነ። ስለዚህ ለውጤቱ መለያየት ከፀጉሩ ዓይነት ባልተናነሰ ተጠያቂው፣ ከዘይቱ ጋር ሳይሳፈር የቀረው ልማድ ነው።

ኮኮናት የሞቃት ባሕር ዳርቻ ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የዘረመል ጥናት፣ ዛፉ በፓስፊክ በኩል በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች፣ በህንድ ውቅያኖስ በኩል ደግሞ በደቡብ ህንድ ዙሪያ ለየብቻ በሰው እጅ እንደለማ አመልክቷል። ወሬው ወደ ቀይ ባሕር የደረሰው ከጥንት ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በደቡብ ዓረቢያ ወደነበረው ወደ ሂምየር መንግሥት ለመዝመት ሲዘጋጁ በአዱሊስ ወደብ የነበረው ነጋዴ ኮስማስ፣ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ይህን የህንድ ታላቅ ፍሬ ከነዛፉ ገልጾታል። ስለ ፀጉር የሚናገር ግልጽ ምስክር ግን የ14ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ ኢብን ባቱታ ነው። በደቡብ ዓረቢያ ስላለችው ስለ ዶፋር ሲጽፍ ኮኮናቱ ደርቆ እንዴት ዘይት እንደሚወጣው ያስረዳል። ከዚያም ሰዎች መብራት እንደሚያበሩበት፣ ዳቦ እንደሚያጠቅሱበት፣ ሴቶችም ፀጉራቸውን እንደሚቀቡት ይዘረዝራል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ «የፀጉር ዘይት» የሚባል የተለየ ዕቃ የለም። ያለው አንድ የቤት ዘይት ነው፤ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ደግሞ የሚጠቀምበት ሰው ነው።

የዛሬ ማስታወቂያዎች የኮኮናትን ዘይት የመላው ህንድ ጥንታዊ የፀጉር ምስጢር አድርገው ያቀርቡታል። የህንድ የጥንት ሕክምና መጽሐፍ ግን እንዲህ አይልም። «ቻራካ ሳምሂታ» ራስን አዘውትሮ ዘይት መቀባትን በእርግጥ ይመክራል፤ ከዘይቶች ሁሉ ቀዳሚ የሚያደርገው ግን የሰሊጥን ዘይት ነው። በቤንጋልና በፑንጃብ ደግሞ ሰዎች ራሳቸውን ሲቀቡ የኖሩት በሰናፍጭ ዘይት ነው። የኮኮናቱ ልማድ ሥር የሰደደው ዛፉ በሚበዛበት በደቡቡ ጠረፍ፣ በተለይም በኬራላ፣ እንዲሁም በስሪላንካ ነው። ክፍፍሉ ዛፍ ያለበትንና የሌለበትን ከመከተል ያለፈ ምክንያትም አለው። የኮኮናት ዘይት በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይረጋል። በኬራላ ጠረፍ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ በሰሜን ህንድ ክረምት ግን በዕቃው ውስጥ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የሰናፍጭ ዘይት በዚያ ብርድ አይረጋም። እያንዳንዱ አካባቢ በእጁ ካለውና ለአየሩ ከሚስማማው ጋር ተለማምዷል ማለት ነው።

የኬራላን ልማድ ቀረብ ብለን ስናየው ዘይቱ የአንድ ረዘም ያለ ሥራ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ እንዳልሆነ እንረዳለን። ዘይቱ፣ አንዳንዴም ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተፈልቶ፣ ገላ ከመታጠብ በፊት ራስ ላይ ይታሻል። ጥቂት ከቆየ በኋላ ትርፉ ይታጠባል። ማጠቢያው ከከርከዴ ጋር የሚዛመደው የሂቢስከስ ቅጠል ተፈጭቶ የሚሰጠው የሚያሟልጭ ውሃ፣ የማሾ ዱቄት፣ ወይም ሺካካይ የሚባለው የግራር ዘመድ ፍሬ ነው። እነዚህ ማጠቢያዎች በመጠኑ አረፋ የሚያወጡ ወይም ጭራሹኑ የማያወጡ ናቸው፤ ትርፉን ዘይት አንስተው ወደ ፀጉሩ የዘለቀውን ይተዋሉ። ተመሳሳይ ጥምረት በፊሊፒንስም እናገኛለን። እዚያም የኮኮናት ዘይት የኖረው ጉጎ ከሚባል ሐረግ ልጥ ከሚዘጋጅ የፀጉር ማጠቢያ ጋር ነው። ተራርቀው የኖሩ ሁለት ሕዝቦች ዘይቱን ከለስላሳ ማጠቢያ ጋር ማጣመራቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። ቢያንስ፣ ዘይቱን አብዝተው የሚያውቁት ሰዎች ማጠቢያውን የሥራው ግማሽ አድርገው ይቆጥሩት እንደነበር ያሳያል።

የኋላ ዘመን ቤተ ሙከራ ከዚህ ልማድ ቢያንስ ከመታጠብ በፊት መቀባቱን የሚደግፍ ውጤት አግኝቷል። ህንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳደሩ። ከሦስቱ ከመታጠብ በፊትም ሆነ በኋላ ሲቀባ ከፀጉር የሚወጣውን ፕሮቲን በጉልህ የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ ሆነ። ማብራሪያው ከዘይቱ አፈጣጠር ይነሳል። ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ ነው፤ ሞለኪዩሉ አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ በቅርፊቱ አልፎ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይዘልቃል። የሱፍ ዘይት ጎባጣ ሞለኪዩሎች እንደዚያ አይዘልቁም፤ የማዕድን ዘይት ደግሞ ከፀጉሩ ፕሮቲን ጋር መሳሳብ ስለሌለው ከላይ ይቀራል። ፀጉር ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ይህ ሲደጋገም ቅርፊቱ ይነሳል፣ ውስጡም ይሸረሸራል። ቀድሞ የገባ ዘይት እብጠቱን ይገታል። እንግዲህ የዘይቱ ዋና ጥቅም ከውሃና ከመታጠብ የሚመጣን ጉዳት መከላከል ነው ማለት ነው። ከመታጠብ በፊት የሚያስቀባው የኬራላው ልማድ የዘይቱን ጉልበት ትክክለኛ ቦታው ላይ አውሎታል።

ታዲያ ዘይቱና ልማዱ እንዴት ተለያዩ? መጀመሪያ የመጣው ፋብሪካ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሳሙና ሠሪዎች፣ የኮኮናት ዘይት ያለበት ሳሙና በጨዋማ ውሃ እንኳ አረፋ እንደሚያወጣ ተረድተው ነበር፤ የደረቀው የኮኮናት ሥጋም ከስሪላንካና ከፊሊፒንስ በመርከብ ይጋዝ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሰው ሠራሽ ሻምፖ ሲመጣ ነገሩ የባሰ ተወሳሰበ። ዛሬ በብዙ ሻምፖዎች ውስጥ ያለው ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የሚሠራው ከኮኮናት ወይም ከዘንባባ ፍሬ ዘይት ነው። ፀጉርን የሚጠብቀው ዘይትና ፀጉርን ከዘይት የሚያራቁተው ማጠቢያ የአንድ ፍሬ ልጆች ሆኑ ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው ጠርሙሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቦምቤይ ኦይል ኢንዱስትሪስ ባልደረባ ሃርሽ ማሪዋላ፣ «ፓራሹት» የተባለውን የኮኮናት ዘይት ከቆርቆሮ ወደ ፕላስቲክ ሊያዛውር ሲነሳ ነጋዴዎቹ አንቀበልም አሉት። ቀደም ሲል የወጣውን ባለ አራት ማዕዘን ጠርሙስ አይጦች በልተውት ነበርና። ኩባንያው አይጥ ጥርስ የማታሳርፍበት ክብ ጠርሙስ ሠራ፤ አይጦች ባሉበት ሣጥን አስገብቶም ፈተነው። በዚህ ብልሃት ዘይቱ ርካሽና ለመጓጓዝ ቀላል ሆነ። ጠርሙሱ ግን ሺካካዩንም ሆነ የሂቢስከስ ቅጠሉን ይዞ አልሄደም።

ዘይቱ ከልማዱ መነጠሉ የህንድን ፍርድ ቤት ሳይቀር አስጨንቋል። በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ንጹሕ የኮኮናት ዘይት የምግብ ዘይት ነው ወይስ የፀጉር? ጥያቄው የቀረጥ ጥያቄ ነበር፤ በወቅቱ የምግብ ዘይት 5 በመቶ፣ የፀጉር ዘይት 18 በመቶ ይቀረጥ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ሳይስማሙ ቀሩ። በ2024 መጨረሻ ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት፣ የፀጉር ዘይት ተብሎ እስካልተሰየመና እስካልታሸገ ድረስ የምግብ ዘይት ነው ብሎ ወሰነ። የጠርሙሱ ማነስ ብቻውን የፀጉር ዘይት አያደርገውም ማለት ነው። ኢብን ባቱታ ባየው ቤት ውስጥ ይህ ጥያቄ የሚነሳበት ምክንያት አልነበረም። ልማዱ በሌለበት፣ ዘይቱ ምን እንደሆነ የሚናገረው ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ዘይቱ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሲጓዝ የሚደርስበትን ማየት ከባድ አይደለም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ ወይም በአውሮፓ ክረምት፣ ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ነው። የራስ ቆዳ ሙቀት ሥሩ ላይ ያለውን ያቀልጠዋል፤ ጫፉ ላይ ያለው ግን ተመልሶ ይረጋና ፀጉሩን ያገትረዋል። ሳይታጠብ በየቀኑ ሲደራረብ ደግሞ ውሃ እንደ ልብ የማይገባበት ሽፋን ይሆናል። የተጠቀለለ ፀጉር ልስላሴው ከውሃ የሚመጣ በመሆኑ «አደረቀብኝ» የምትለዋ ሴት ያየችውን ነው የምትናገረው። የተደራረበውን ለማስለቀቅ ጠንካራ ሻምፖ ስትጠቀም ዘይቱ ሊከላከልላት የነበረውን ጉዳት ራሷ ትጠራዋለች። የፎረፎሩም ነገር እንዲሁ ነው። ለፎረፎር መነሻ ከሚሆኑት አንዱ ማላሴዚያ የሚባለው ፈንገስ የቅባት አሲድ ይመገባል፤ ለዚህም ነው ብዙ የቆዳ ሐኪሞች ፎረፎር ያለበት ራስ ላይ ዘይት እንዳይከርም የሚመክሩት። ትርፉ በሚታጠብበት ልማድ ውስጥ ይህ አደጋ ይቀንሳል፤ ሳይታጠብ በሚከርምበት ግን ይበረታል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው «ልዩነቱ የተፈጥሮ ነው፤ የህንድ ሴት ፀጉር ቀጥ ያለ፣ የእኛ የተጠቀለለ ነው፤ ልማዱን ምን አመጣው?» የሚል ነው። የፀጉር ዓይነት ልዩነት እንደሚያመጣ አይካድም፤ የተጠቀለለ ፀጉር በየመታጠፊያው ደካማ ነው፣ የራስ ቅባትም በቀላሉ ወደ ጫፉ አይወርድለትም። የኬራላ ሴቶች ፀጉር ርዝመትም ዘይቱ የሠራው ተአምር ሳይሆን በአብዛኛው የዘር ውርስ ነው። ሆኖም ተፈጥሮ ብቻውን ሁሉን ቢያብራራ ኖሮ፣ ራሷ ህንድ ከሰሜን እስከ ደቡብ ዘይት ባልቀያየረች ነበር፤ አንዲት ሴትም አንዱን ዘይት ከመታጠቧ በፊት ስትቀባውና ታጥባ ስትተወው የተለያየ ውጤት ባላየች ነበር። የፀጉር ዓይነት የሚወስነው ምን ያህል ዘይትና ምን ዓይነት እጥበት እንደሚያስፈልግ ነው፤ ይህን መመጠን ደግሞ የልማድ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ የጥናቶቹ ባለቤቶች ራሳቸው ዘይት ሻጮች ናቸው፣ ልማድም ሁሌ ትክክል አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ የ2003ቱ ጥናት የወጣው «ፓራሹት»ን ከሚሸጠው ከማሪኮ ኩባንያ የምርምር ክፍል ነው። ስለዚህ ጥናቱ ያለውን ብቻ እንጂ ያላለውን ልንጨምርለት አይገባም። የተፈተነው ፀጉር እንጂ የራስ ቆዳ አይደለም፤ የተለካው የፕሮቲን ብክነት እንጂ ዕድገት አይደለም። የኮኮናት ዘይት ፀጉር ያበቅላል ወይም ሽበት ይከላከላል የሚለው ልማዳዊ እምነት ከዚህ ማስረጃ አያገኝም። ከልማድ የምንወስደውም እምነቱን ሳይሆን አሠራሩን ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ እየሞከረ ያቆየው የቅደም ተከተልና የመጠን ዕውቀት፣ ሻጩ ሊያሳምነን ከሚፈልገው በላይ ጠባብ፣ ግን የበለጠ የሚታመን ነው። 

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ደጋው የራሱን ቅባት፣ ለጋ ቅቤን፣ ከራሱ አየር ጋር አስማምቶ ኖሯል። ቅቤው አናት ላይ ተደርጎ በፀሐይና በራስ ሙቀት ይቀልጣል፤ በሻሽ ታስሮ ያድርና ይታጠባል፤ ፎረፎር ላለበት ራስ ደግሞ የቁርቁራ ቅጠል ተወቅጦ ማጠቢያ ይሆናል። ዛሬ ይኸው ቅቤ በብልቃጥ እየታሸገ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ለሌሎችም ይሸጣል። በኮኮናቱ ላይ የደረሰው በቅቤውም እንዳይደርስ ከተፈለገ፣ ከብልቃጡ ጋር አሠራሩም ተጽፎ መሄድ አለበት፤ መቼ እንደሚቀባ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ በምን እንደሚታጠብ፣ ለማንስ እንደማይስማማ። ለኮኮናት ዘይት ተጠቃሚም ምክሩ ያው ነው። ከመታጠብ በፊት በጥቂቱ መቀባት፣ በለስላሳ ማጠቢያ ትርፉን ማንሳት፣ ፎረፎር ካለ መተው። ይህን ሞክሮ ያልተስማማው ሰው «ለእኔ ፀጉር አይሆንም» ቢል ፍርዱ ሚዛናዊ ነው፤ ሳይሞክር የሚፈርድ ግን የሚፈርደው በዘይቱ ላይ ሳይሆን በአቀባቡ ላይ ነው።