ከሰኞ እስከ ቅዳሜ

ደረቴ መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጠባሳ አለ። ሌሊት ኢተያ ጸጥ ስትል፣ ስንዴ ጭኖ ወደ አዳማ የሚወርደው የመጨረሻው መኪና ካለፈ በኋላ፣ ከጠባሳው ሥር ያለው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ይሰማኛል። እንደ እጅ ሰዓት ቲክ፣ ቲክ ይላል። ከቀዶ ሕክምናው እንደተመለስኩ ሰሞን እናቴ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አስጠግታ ይህን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

ያደግሁት ልጅ ሁሉ በሚሮጥበት አገር ነው። ደራርቱ ቱሉ ከበቆጂ ተነሥታ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ አጥልቃለች፤ አሰላ አጠገብ የተወለደው ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ደግሞታል። ኃይሌ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር የማያውቅ የአርሲ ልጅ የለም። እኛም ደብተራችንን በብብታችን ይዘን እንሮጥ ነበር። እኔ ግን አራተኛ ክፍል ስደርስ ከጓደኞቼ ኋላ መቅረት ጀመርኩ። አጥር ተደግፌ እቆማለሁ፤ ልቤ ጉሮሮዬ ድረስ ወጥታ ትመታለች። «ሰነፍ ሆነች» ተባልኩ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ በጉሮሮ ሕመም ነው። በየክረምቱ ጉሮሮዬን ሲያመኝ ሰው በመከረው መሠረት እንጥሌን ተቆረጥኩ። በዚያን ጊዜ አያቶቼም ወላጆቼም የሚያውቁት መድኃኒት እሱ ነበር፤ በፍቅር ነው ያደረጉት። እንጥል መቁረጥ ግን የጉሮሮ ባክቴሪያን አያጠፋም፤ ባክቴሪያው በፔኒሲሊን ካልጠፋ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያሰማራው መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውንና ልቡን ሊያጠቃ ይችላል። ጉልበት ያብጣል፣ ያልፋል። የልብ ቫልቭ ግን ጠባሳ ይይዛል፤ አንዴ ከጠነከረና ከጠበበ ወይም ካፈሰሰ በኋላ በራሱ አይመለስም። የኔም ታሪክ ይኸው ነው፤ የብዙ የኢትዮጵያ ልጆችም እንዲሁ።

የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚሆን የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ዕድሉ ባሕር ማዶ መላክ ብቻ ነበር። ጥቂቶች ሄዱ፣ ብዙዎች ወረፋ ሲጠብቁ አለፉ። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ተከፈተ። መጀመሪያ ላይ ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች ተራ በተራ ይሠሩ ነበር፤ እያደር የአገራችን ልጆች ቢላውን ተረከቡ። እኔ በ2003 ዓ.ም.፣ በ13 ዓመቴ፣ ተራ ደረሰኝ።

ስነቃ ደረቴ በሽቦ ተሰፍቶ ነበር። የደረት አጥንት ተሰንጥቆ ከተዘጋ በኋላ እስኪገጥም ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ሲያስለኝ ትራስ ማቀፍ ነበረብኝ። በማግስቱ አንዲት ሲስተር መጥታ «ተነሺ» አለችኝ። አለቀስኩ። ከኪሷ የእጅ ጓንት አውጥታ ነፋችውና አምስቱ ጣቶቹ እንደ ጡት ቀጥ አሉ። በእስክሪብቶ ዓይንና አፍንጫ ሠርታለት፣ አስተንፍሳ ሰጠችኝ። «ይቺን ላም እስከ ማታ አሥር ጊዜ ካልነፋሽልኝ ወተት የለም» አለች። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ብቻ ተነፋልኝ። ማታ ላይ አምስቱም ቆሙ። አጠገቤ የተኛው ልጅ የኔን አይቶ የራሱን ጠየቀ፤ ሦስት አልጋ ላይ ውድድር ሆነ። ሳምባችን ታችኛው ክፍል እንዳይጣበቅና ውኃ እንዳይቋጥር እየሠራን እንደነበር የተረዳሁት አድጌ ነው።

ቤት ስመለስ ግን ትእዛዙ ተለወጠ። «ተኚ።» ነፋስ እንዳይነካት፣ ምች እንዳይመታት፣ በር ዝጉ ተባለ። አጥሚቱና የገብስ ቅንጬው በገፍ ቀረበ፤ ጎረቤት «እግዜር ይማርሽ» እያለ ገባ፣ ወጣ። ለእናቴ ማገገም ማለት እንደ አራስ መተኛት ነበር። በዚህ አልወቅሳትም፤ የዓለም ሐኪሞችም ለዘመናት እንደ እናቴ ያስቡ ነበር። ልቡን በድንገት የታመመ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከአልጋ እንዳይነቃነቅ ይታዘዝ ነበር፤ በዚያ መሃል እግሩ ውስጥ ደም እየረጋ፣ የረጋው ደም ወደ ሳምባ እየሄደ ብዙ ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን ከአልጋ አንሥተው ወንበር ላይ በማስቀመጣቸው እንደ ድፍረት ተቆጠረባቸው። በዓመቱ፣ በ1953፣ ጆን ጊበን ፊላደልፊያ ውስጥ የልብንና የሳምባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ ማሽን ታግዞ የአንዲት ወጣት ልብ ከፍቶ ጠገነ። ልብን የመክፈት ጥበብና ሕመምተኛን ቶሎ የማስነሣት ድፍረት የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው።

እኔን ከአልጋ ያስነሡኝ የጎረቤት ልጆች ናቸው። በመስኮቴ ትይዩ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ በአመድ ሰኞ ማክሰኞ ሠሩ። ጠጠሩን እየወረወሩ፣ በአንድ እግር እንጣጥ እያሉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሲዘልሉ ሳይ ሆዴ ባባ። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ስትሄድ ወጣሁ። መዝለል አልችልም፤ በሁለት እግሬ እየረገጥኩ ሰኞ ላይ ቆምኩ፣ ተነፈስኩ፣ ተመለስኩ። በሳምንቱ ማክሰኞ ደረስኩ። እናቴ የደረሰችብን ረቡዕ ላይ ነው። ጮኸች፤ ከዚያ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ሰማች። «ይመታል» አለችና ሰፌዷን ይዛ አጠገባችን ተቀመጠች።

አምና ሲያትል የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ዓይን የሚሸፍነውን የጌም መነጽር ይዛ መጣች፤ ሰው ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚለውን ማለቴ ነው። የዚህም መነጽር ታሪክ ረጅም ነው። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራው የመጀመሪያው መነጽር ከክብደቱ የተነሣ ከጣሪያ ጋር ታስሮ የሚንጠለጠል ነበር። ቆይቶም እዚያው ሲያትል ሃንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን በእሳት ለተቃጠሉ ሰዎች በረዶ የሚወረወርበት ጨዋታ ሠሩ፤ ቁስላቸው ሲታጠብ አእምሯቸው በረዶው ውስጥ ስለሚሆን ሕመሙ ይቀልላቸዋል። ይህ ዘዴ ወደ ልብ ቀዶ ሕክምናም ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የብራዚል ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ 60 ሰዎችን ከፍሎ፣ ግማሾቹ የተለመደውን እንቅስቃሴ በቨርቹዋል ሪያሊቲ ጨዋታ እንዲሠሩት አደረገ። የተጫወቱት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ እንደ ልብ የመንቀሳቀስ አቅማቸውም ቶሎ ተመለሰ።

መነጽሩን አድርጌ ግቢያችን መሃል ቆምኩ። ቀለም ያላቸው ሳጥኖች ወደኔ ይመጣሉ፣ በእጄ እመታቸዋለሁ። እናቴ ከበረንዳው «ደረትሽን! ቀስ!» ትላለች። ሳወልቀው አልቦኛል፤ ትንፋሼ ፈጥኗል፣ ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ የልቤን ምት ቆጠርኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አልታወቀኝም ነበር። ትዝ ያለኝ ያቺ የጓንት ላም ናት። ሳምባውን ሊያሠራ ያልፈለገን ልጅ ላም ልታስነፋው ትችላለህ፤ ክንዱን ሊያነሣ የፈራን ሰው ሳጥን ልታስመታው ትችላለህ። ፍርሃት ጨዋታ ውስጥ ሲገባ ይረሳል።

መነጽሩ በየሆስፒታሉ ቢገባ ደስታዬ ነው። እሱ የለም ብለን ግን መቆም የለብንም። ከሁሉ በፊት የጉሮሮ ሕመም በጊዜ በፔኒሲሊን ይታከም፤ አንዴ የተጠቃ ልጅም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን የፔኒሲሊን መርፌ አያቋርጥ። ተቀዶ ቤቱ የሚመለሰው ልጅ ደግሞ የሚያስነሣው ሰው ያግኝ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን እንዲውጥ የሚነግረው እንዳለ ሁሉ እንዲጫወት የሚነግረውም ይኑረው።

ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ባለፈው ወር ከልብ ቀዶ ሕክምና የተመለሰች የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። ስገባ መስኮቱ ተዘግቷል፣ እሷ ጋቢ ተከናንባለች። እናቷን «እትዬ፣ እኔም እንዲሁ ተኝቼ ነበር» አልኳት፤ ጠባሳዬን አሳየኋት፤ ድምፁንም እንድትሰማ ጆሮዋን አስጠጋኋት። ከዚያ ከምድጃው አመድ ዘግኜ ወጣሁ። ልጅቱ ትናንት ሐሙስ ላይ ደረሰች።