ከድንበር በፊት ድምፅና ገቢ፦ የኦስሎና የአካባቢዋ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 የኦስሎ ከተማ ምክር ቤትና ከተማዋን የሚያዋስናት የአከርስሁስ አውራጃ ምክር ቤት አንድ የጋራ የመሬት አጠቃቀምና የትራንስፖርት ዕቅድ አጸደቁ። በቀጣዩ ወር አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ሊያስተሳስር ታስቦ የነበረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን፣ ብዙ ሕይወት ከጠፋበት ተቃውሞ በኋላ ተሰረዘ። ሁለቱም ዕቅዶች የተነሡበት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ከድንበሩ አልፎ የሚያድግ ከተማ እንዴት ይተዳደር?

ኦስሎም ቀድሞ ያደገችው ጎረቤቷን በመጠቅለል ነው። በ1859 እና በ1878 ከአከር ወረዳ መሬት ወሰደች። የቤት መሥሪያ ቦታ ሲጠፋም በጃንዋሪ 1 ቀን 1948 አከርን በሙሉ ቀላቀለች፤ ስፋቷም ከ17 ወደ 450 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ አደገ። ላምበርትሴተርን የመሰሉ አዳዲስ ሰፈሮች ተገነቡ፤ በ1966 የምድር ውስጥ ባቡር ደረሰላቸው። ሆኖም የአከር ነዋሪዎች ከመሬታቸው ጋር የመምረጥ መብታቸውንም ይዘው ገቡ፤ በአዲሱ ምክር ቤት ድምፅ ነበራቸው።

ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ድንበሩን ተሻግሮ የ1854ቱንና የ1872ቱን የባቡር መስመሮች ተከትሎ ወደ ሊለስትሮም፣ ሳንድቪካና አስከር ፈሰሰ። ድንበሩ ግን አልተከተለውም። በምትኩ ኦስሎ 60 በመቶ፣ አከርስሁስ 40 በመቶ ድርሻ ይዘው በ2008 ሩተር የተባለውን የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት አቋቋሙ። አከርስሁስ በ2020 ቪከን በተባለ ትልቅ አውራጃ ውስጥ ገብታ በ2024 ዳግም ራሷን ስትችል እንኳ ሩተር ሥራውን ቀጠለ።

ይህን ትብብር ያቆመው የኖርዌይ ሀብት ብቻ አይደለም። በኖርዌይ የወረዳ የገቢ ግብር የሚከፈለው ሠራተኛው በሚኖርበት እንጂ በሚሠራበት ስፍራ አይደለም። በየማለዳው ኦስሎ ደርሶ የሚመለሰው ሰው ለሊለስትሮም ትምህርት ቤትና ለአረጋውያን እንክብካቤ ይከፍላል። ስለዚህ ትንሿ ከተማ ከትልቋ ዕድገት ትጠቀማለች፤ የማትፈልገውንም በመረጠችው ምክር ቤት በኩል መቃወም ትችላለች።

በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ገበሬ ከሁለቱ አንዱም አልነበረውም። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ከተማው ሲደርስበት የሚጠብቀው ካሳ እንጂ ድርሻ አልነበረም። ለእርሱ ማስተር ፕላን ማለት የመፈናቀል ማስታወቂያ ነበር።

ኢትዮጵያ ከኦስሎ የምትወስደው ትምህርት እንግዲህ የባቡሩ ሐዲድ ወይም የካርታው ቅርጽ አይደለም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ነው። የዳር ነዋሪው በመጀመሪያ ድምፅና የገቢ ድርሻ ያግኝ፤ ዕቅዱ ከዚያ ይከተል።